ቴዎዶር ኤሸሪክ፤ የሕፃናትን አንጀት የመረመረ ሐኪም

በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሁሉ ኢ ኮላይ የተባለችውን ባክቴሪያ ያውቃታል። ፊተኛዋ ፊደል የአንድ ሰው ስም መነሻ መሆንዋን የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ያ ሰው ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ ነው።

ኤሸሪክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በባቫሪያ ግዛት፥ በአንስባኽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን በዚሁ አቆጣጠር ነው።) አባቱ ሐኪም ነበር፤ እናቱ ግን ገና በልጅነቱ ሞተችበት። የሕክምና ትምህርቱን በ1881 ፈጸመ። በ1884 በናፖሊ ከተማ የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ወደዚያ ተልኮ በሽታውን መረመረ።

ዘመኑ የባክቴሪያ ምርመራ ገና የተጀመረበት ነበር። ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ካስታወቀ ወዲህ፥ ወጣት ሐኪሞች ሁሉ ገዳይ የሆነውን ነፍስ ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ነበር። በአውሮፓ ከተሞችም በተቅማጥ የሚሞቱት ሕፃናት እጅግ ብዙዎች ነበሩ። ኤሸሪክ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በታመመው ሕፃን አንጀት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ከመወንጀል በፊት፥ በጤነኛው አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ማወቅ ይገባል ሲል አሰበ።

ስለዚህ በሙኒክ ከተማ ሌላው ሰው የሚጸየፈውን ሥራ ያዘ። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ዓይነ ምድር እየወሰደ በማይክሮስኮፕ አየ፤ ባክቴሪያዎቹንም ለየብቻ አሳደገ። ሕፃኑ እንደ ተወለደ በሚወጣው ዓይነ ምድር ውስጥ ባክቴሪያ አላገኘም፤ ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ግን መታየት ጀመሩ። ሕፃኑ ወተት ሲጠባ ደግሞ ዓይነታቸው ተለወጠ። ይህንን ግኝቱን በሐምሌ ወር 1885 በሙኒክ ለሊቃውንት ጉባኤ ገለጠ፤ ኢ ኮላይን ያስተዋወቀውም ያን ጊዜ ነው። በ1886 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ።

በ1890 በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ የሕፃናት ሕክምና መምህር ሆነ፤ በ1902 ወደ ቪየና ተዛውሮ የቅድስት አና የሕፃናት ሆስፒታል መሪ ሆነ። የብዙ ሰው ልጆች ያዳነው ሐኪም የራሱን ልጅ ሞት ማስቀረት አልቻለም፤ ወንድ ልጁ በአሥር ዓመቱ በትርፍ አንጀት በሽታ ሞተበት። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1903 ለሕፃናት ጥበቃ ማኅበር አቋቁሞ፥ እናቶች ልጆቻቸውን ጡት እንዲያጠቡ መምከርን ዋና ተግባሩ አደረገ። በየካቲት ወር 1911 በ53 ዓመቱ ቪየና ላይ ዐረፈ። በስሙ ባክቴሪያዋ ኤሸሪኪያ የተባለችው ከሞተ በኋላ በ1919 ነው።

እርሱ የከፈተው መንገድ ዛሬ ሩቅ ደርሷል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችል የስኳር ዓይነቶች እንዳሉ ታውቋል፤ እነዚህም ለአንጀቱ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናሉ። በ2014 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፥ በሕፃንነታቸው ጥቂት ፔኒሲሊን የተሰጣቸው አይጦች ካደጉ በኋላ ወፍረው ተገኙ። መድኃኒቱ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው ቢመለሱም ውፍረቱ አልቀረም። አይጥ ሰው አይደለምና፥ ይህ ነገር በሰው ልጅ ውፍረትና በስኳር በሽታ ላይ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ገና በመመርመር ላይ ነው። ሆኖም የአንጀት የመጀመሪያ እንግዶች በአዋቂነት ጤና ላይ አሻራ ሊተዉ እንደሚችሉ ያመለክታል። ስለዚህ ለታመመ ሕፃን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መንፈግ ስሕተት የሆነውን ያህል፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ መስጠትም ስሕተት ነው።

ተማሪ ከኤሸሪክ ሕይወት የሚማረው፥ ብልሽትን ለመረዳት የሚፈልግ አስቀድሞ ደኅናውን ጠንቅቆ ማወቅ እንዳለበት ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው ወጣት ደግሞ፥ ዕውቀት ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እናቶች ቤት ካልደረሰ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ መሆኑን ይረዳል።