በብር ላይ የቀሩት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ አንድ ሰው የቤት መሠረት ሲያስቆፍር ማንጠልጠያ የተበየደበት የብር ጌጥ ቢያገኝ፣ በላዩም የአንዲት ወይዘሮ መልክና 1780 የሚል ቁጥር ቢያይ፣ ጌጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል። ፍርዱ ግን ሊያሳስተው ይችላል። የጌጡን ዘመን ለማወቅ አስቀድሞ የባለመልኳን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛም አባቶቻችን ማርትሬዛ እያሉ ስማቸውን ስለለመዱት ስለ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። በኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ቴሬዛ በ1717 በቪየና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ግዛታቸው ሳይከፋፈል፣ ወንድ ወራሽ ቢታጣም ለሴት ልጅ እንዲተላለፍ በ1713 ሕግ አውጥተው ነበር። ይህንንም ሕግ የአውሮፓ መንግሥታት እንዲቀበሉት ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን ዙፋኑን የምትወርሰውን ልጃቸውን የመንግሥት ሥራ አላስተማሯትም። በጥቅምት 1740 ሲሞቱ ማሪያ ቴሬዛ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ የጦሩም የገንዘብ ቤቱም ኃይል የደከመ ነበር።

የአባታቸው ሞት ገና ሁለት ወር ሳይሞላው የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ሲሌዝያ በሚባለው ሀብታም ግዛት ላይ ጦሩን አዘመተ። ባቫሪያና ፈረንሳይም ተከተሉት። ከወረቀት ላይ ቃል ኪዳን ይልቅ ጉልበት እንደሚበልጥ ወጣቷ ንግሥት በዚያን ጊዜ ተረዱ። በ1741 በፕሬስቡርግ ከተማ የሀንጋሪን ዘውድ ከጫኑ በኋላ ወደ ሀንጋሪ መኳንንት ቀርበው እርዳታ ለመኑ፤ መኳንንቱም ጦር ሊሰጧቸው ተስማሙ። በ1745 ባለቤታቸው ፍራንዝ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተመረጡ። ጦርነቱ በ1748 ሲያበቃ ሲሌዝያ ቢቀርባቸውም የቀረውን ርስታቸውን አድነዋል። ሲሌዝያን ለማስመለስ ከ1756 እስከ 1763 የተደረገው ሌላ ጦርነትም ፍሬ አላመጣም።

ንግሥቲቱ ከጦርነቱ የተማሩት ነገር ግን ከግዛት የሚበልጥ ነበር። ያለ ጥሩ አስተዳደርና ያለ ሥርዓት ያለው ገንዘብ ቤት ጦር እንደማይቆም አይተው፣ ቀድሞ ከግብር ነፃ የነበሩት መኳንንትና ካህናት ጭምር እንዲገብሩ አደረጉ፤ የተማሩ ሹማምንትንም በየአውራጃው ሾሙ። በ1774 ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ አዘዙ። በ1776 ደግሞ በምርመራ ጊዜ ሰውን ማሠቃየት ተከለከለ። በ1767 በፈንጣጣ ታመው ከዳኑ በኋላ ልጆቻቸውን አስከተቡ። አሥራ ስድስት ልጆችን የወለዱ እናት ሲሆኑ፣ የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ከነዚሁ አንዷ ነበሩ።

ሥራቸው ሁሉ ግን የሚመሰገን አልነበረም። በ1744 አይሁድ ከፕራግ ከተማ እንዲባረሩ አዘዋል፤ በ1772ም ፖላንድን ከተከፋፈሉት ነገሥታት አንዷ ሆነዋል።

ባለቤታቸው በ1765 ሲሞቱ የሐዘን ልብስ ለበሱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም አላወለቁትም። ይህ ሐዘን ለገንዘብ መርማሪ አንድ ምልክት ሆኗል። ራሳቸውን ያልተከናነቡ ወጣት ሆነው የሚታዩበት ብር የቀደመው ሲሆን፣ የመበለት ሻሽ ያደረጉበት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ንግሥቲቱ በኅዳር 29 ቀን 1780 ዐረፉ። ብሩ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አገሮች ገበያ እጅግ ስለተወደደ፣ ያው መልክና ያው 1780 ሳይለወጥ እየተመታ ቀጠለ።

በኢትዮጵያም ገበያተኛው ይህን ብር ሲቀበል መልኩን ይመረምር፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ይቆጥር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በኛ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ሕዝቡ ከለመደው ማርትሬዛ ቶሎ አልተለየም። ብር ሠሪዎችም እያቀለጡ መስቀል፣ አምባርና አልቦ ሠሩበት፤ አንዳንዱንም ሳያቀልጡ ማንጠልጠያ በይደው የአንገት ጌጥ አደረጉት። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ማርትሬዛ ከገበያ ሲወጣ በጌጥነቱ ቀረ።

ታዲያ የጌጡ ዘመን በምን ይታወቃል? ትክክለኛው ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ጠርዙ እንዳይሸረፍ በዙሪያው ፊደል ተቀርጾበታል። በጀርባው ያለው የባለሁለት ራስ ንሥር ላባ፣ የትከሻው ጌጥና የፊደሎቹ አቀማመጥ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት በጥቂቱ ይለያያሉ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1935 ቅርጹን ከኦስትሪያ አግኝታ በሮም አስመታች፤ ቀጥሎም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምባይ መቱት። ስለዚህ በሮም የተመታ ብር ያለበት ጌጥ፣ ላዩ 1780 ቢልም፣ ከ1935 በፊት ሊሠራ አይችልም። ብሩ የሚነግረን ጌጡ ከመቼ ወዲህ እንደተሠራ ብቻ ነው፤ ስንት ዘመን በአንገት እንደዋለ ግን የመልኩ መፋቅና የማንጠልጠያው መበላት ይመሰክራሉ።

ይህን ሁሉ ምስክርነት የሚያጠፋው ችኮላ ነው። ጌጡን በአሸዋ የፈተገ፣ ለአንጥረኛ ሰጥቶ ያቀለጠ ወይም የተገኘበትን ቦታ ሳይመዘግብ የሸጠ ሰው ታሪኩን አብሮ ሸጧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ያገኘም ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ቁጥር አይቶ የሚፈርድ ይስታል፤ መርምሮ የሚፈርድ ግን የአንዲት ንግሥት ሐዘን እንኳ ለዳኝነት ይረዳዋል። ተማሪውም ሆነ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በፊቱ የቀረበለትን ጽሑፍ ሁሉ እንዲሁ ቢመረምር ይጠቀማል እንላለን።