ዊልሄልም ሺምፐር፤ 41 ዓመት በአበሻ ምድር ዕፅ ሲለቅም የኖረ ሰው

ጉና ላይ ወጥቶ ጦስኝ ሳይረግጥ የወረደ ሰው ያለ አይመስለኝም። ላይ ጋይንት፣ ፋርጣና እስቴ በሚዋሰኑበት፣ ከፍታው ከ4,100 ሜትር በሚያልፈው በዚህ ተራራ ግርጌ ያደገ ልጅ ጦስኝን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሽታው ይበቃዋል። ጉንፋን ሲይዘው እናቱ አፍልታ አጠጥታዋለች። ታዲያ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚበቅሉት ሁለት የጦስኝ ዝርያዎች አንዱ በሳይንሱ ዓለም ታይመስ ሺምፐሪ ተብሎ ነው የሚጠራው። ጠይም ሰሳ አልቢዚያ ሺምፐሪያና ይባላል። ማሳችንን በመስከረም ቢጫ የሚያለብሰው መጭ እንኳ ከሺምፐር ስም አላመለጠም።

እንግዲህ ይህ በየቅጠሉ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ማን ነው? ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለሱ ነው። ሳያሳስት በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፦ ሌላ ነው ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር በ1804 ጀርመን ውስጥ ላውፍ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የዕፅ ፍቅር ያለበት ቤተሰብ ነው። የአጎቱ ልጅ የሽበት ተክሎችን፣ ማለትም ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፉትን አረንጓዴ ዕፆች በማጥናት ስመ ጥር ሆኗል። ታላቅ ወንድሙ ካርል ደሞ ምድር በአንድ ዘመን በበረዶ ተሸፍና እንደነበር ለሚያስረዳው ሐሳብ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስም በ1837 የሰጠ ሰው ነው። ልክ በዚያው ዓመት ታናሹ ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ ወደ አድዋ ይወጣ ነበር።

ሺምፐር ኢትዮጵያ ከመድረሱ በፊት በ1831 አልጄሪያ ሄዷል፤ ቀጥሎም ግብፅን፣ ሲናንና የዓረብን ምድር አይቷል። አብሮት የተላከው ሐኪም አንቶን ቪስት በግብፅ ሕይወቱ አልፏል። በዚያ ዘመን ዕፅ ለቀማ እንደ ጦርነት ሰው የሚበላ ሥራ ነበር። ሺምፐር ትግራይ በነበረባቸው ዓመታት ለዚሁ ሥራ ከፈረንሳይ ከመጡት ሁለት ሐኪሞች አንዱ ካርቲን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ፣ ሌላው ፔቲ ደግሞ በ1843 ወንዝ ሲሻገር በአዞ ተበልተው ቀርተዋል።

ለመሆኑ ሺምፐርን ማን ላከው? መንግሥት አይደለም። የላኩት ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች የመሠረቱት ማኅበር ነው። አንዱ ሆክሽቴተር ይባላል፤ ቄስና መምህር ነው። ሌላው ሽቶይደል ነው፤ ሐኪም ነው። ሁለቱም ከየሥራቸው በተረፈው ሰዓት ዕፅ ሲመረምሩ የሚያመሹ ሰዎች ነበሩ። ማኅበራቸውን ኡኒዮ ኢቲነራሪያ አሉት፤ የጉዞ ማኅበር እንደማለት ነው። አሠራሩ ከእኛ እቁብ ጋር ይመሳሰላል። አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ በተዋጣው ገንዘብ አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፣ እሱ የሚልከው የደረቀ ዕፅ ደግሞ ለአባላቱ ይከፋፈላል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን እስቲ ራሳችንን በሺምፐር ቦታ እናስቀምጠው። ሰሜን ተራራ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅባራ አለ፤ እግሩ ሥር አውሮፓ ውስጥ አይቶት የማያውቀው ቅጠል አለ። በእጁ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅ የተሟላ መጽሐፍ የለም፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገና አልተጻፈም። የሚያማክረው ባልደረባም አጠገቡ የለም። ታዲያ የማያውቀውን ነገር ማንነት እንዴት ይወቅ?

መፍትሔው ቁጥር ነበር። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዓይነት ተክል ብዙ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። በወረቀት መሐል አድርጎ ይጫነዋል፣ ወረቀቱን እየለዋወጠ ያደርቀዋል። ከዚያ የተገኘበትን ቦታና ጊዜ፣ ከቻለም የአገሬውን ስምና አገልግሎቱን ይጽፋል። እሽጉ በበቅሎና በግመል ምጽዋ ይወርዳል። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ በግብፅ ምድር የሚያቋርጥ ረጅም ጉዞ ነበር። ኤስሊንገን ሲደርስ እነ ሆክሽቴተር ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር እየሰጡ ለአባላት ያድሉታል። አንዱ ቅጂ ፓሪስ፣ አንዱ ለንደን፣ ሌላው ሌላ ከተማ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ያለው ሰው ቁጥሩን ጠቅሶ ሐሳቡን ሲጽፍ፣ ሌላው ከመሳቢያው ያንኑ ቁጥር አውጥቶ እውነቱን ነው ወይ ብሎ ያያል። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቅጠል ከበው እንደመነጋገር ያለ ነገር ነው።

እያንዳንዱም የሚችለው ነገር ነበረው። ሽቶይደል የሣር ሰው ነበር። በገብስ ማሳችን የሚበቅለውን ሲናር አቬና አቢሲኒካ ያለው ሆክሽቴተር ነው። የሁላችንንም እግር የለበለበው ሳማ ደግሞ ኡርቲካ ሲመንሲስ ሲባል፣ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራራ ነው። የኑግ ወገን በሆኑት አበቦች የተካነው ሹልትዝ የሚባል የሆስፒታል ሐኪም ነበርና መጭን በሺምፐር ስም የጠራው እሱ ነው። በመጨረሻም ፓሪስ ላይ አሺል ሪሻር የሺምፐርንና የእነዚያን የሞቱትን ሁለት ፈረንሳውያን ስብስብ አንድ ላይ አድርጎ ከ1847 እስከ 1851 የአቢሲኒያን ዕፅዋት መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ሰው ብቻውን ዕድሜውን ቢፈጅ የማይጨርሰው ሥራ በመተባበር ተሠራ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይሄ ነው።

የድርን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የድሯ ባለቤትም የታወቀችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1876 ወደ ሸዋ የመጣው የኦራዚዮ አንቲኖሪ የጣሊያን ቡድን አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ተቀምጦ ወፉንም፣ ጢንዚዛውንም፣ ሸረሪቱንም ሰበሰበ። ሸረሪት ከቅጠል ይልቅ ታስቸግራለች። አልኮል ውስጥ ስትቆይ ቀለሟ ይለቃል፤ ብዙዎቹን ዝርያዎች ከዘመዶቻቸው ለመለየት ደግሞ ያደገችዋን ሸረሪት ብልቶች በማጉያ መነጽር ማየት ግድ ነው። ስብስቡ ጣሊያን ደረሰና ፒዬትሮ ፓቬዚ የተባለ የሸረሪት አጥኚ መርምሮ በ1883 የሸዋን ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸውን የሚዘረዝር ሥራ አወጣ። አንቲኖሪ ግን በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ ነበርና ይህን አላየም።

ወደ ሺምፐር እንመለስ። የማኅበሩ ገንዘብ እየተዳከመ ሲሄድ ሰውየው አገሩ አልተመለሰም። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወደዱት፤ እንትጮ የሚባለውን አገር እንዲያስተዳድር ሰጡት። የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፣ ከአገሬው ሴት ተጋብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩም ከሠሪዎቹ አንዱ ሆነ። ውቤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሊነግሡባት ያስቡ ነበር። ሆኖም በየካቲት 1847 ዓ.ም. (በ1855 መሆኑ ነው) ደጃች ካሣ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የጌታው መውደቅ የሺምፐርም መውደቅ ሆነ። እንትጮ ከእጁ ወጣች፤ የ50 ዓመት ገደማ ሰው ሆኖ ኑሮን እንደገና ሊጀምር ነው።

ይሁን እንጂ መልቀሙን አልተወም። እንዲያውም ለእኛ ትልቁን ነገር ያደረገው ከዚህ በኋላ ይመስለኛል። በ1858 ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ መሆኑ ይነገርለታል። ለጋይንት ደጋ ሰው የድንችን ጥቅም ልንገርህ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የክረምቱ እህል ሳይደርስ ጎተራ ሲራቆት ስንቱን ቤት እንዳሻገረ የቤቱ ሰው ያውቀዋል። ሌሎች በእሱ ስም ዕፅ ሲሰይሙ፣ እሱ ደሞ ስም የሌለው እንግዳ ዕፅ ለአገሩ ሰጠ። ስሙንም ሕዝቡ ራሱ አወጣለት።

በ1860ዎቹ መጨረሻ አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጣሉ፣ አገር ውስጥ የነበሩት አውሮፓውያን ዕጣ ሁሉ ከመቅደላ ጋር ታሰረ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል በጋይንት በኩል እየተጎተተ መቅደላ የወጣው በዚያ ዘመን ነው። ሚያዝያ 1868 መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ነፃ ከወጡት አውሮፓውያን መካከል የ63 ዓመቱ ሺምፐር ነበረበት። አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ሄዱ። እሱ ግን ወደ አድዋ ተመለሰ። ስለ ትግራይ ዕፅ፣ አፈርና ድንጋይ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ከካርታዎቹ ጋር ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። ኢትዮጵያ ውስጥ 41 ዓመት ኖሯል፤ ጀርመን ውስጥ ከኖረው ዕድሜ ይበልጣል።

ታሪኩ ግን በሞቱ አላበቃም። ከስብስቦቹ ብዙዎቹ በርሊን ተቀምጠው ነበር። መጋቢት 1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ የበርሊኑ የዕፅ ቤተ መዘክር ሲቃጠል አብዛኛው ሀብቱ አመድ ሆነ። እዚህ ላይ የዚያ ቄስና የዚያ ሐኪም ማኅበር ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ዕፁ ተከፋፍሎ ስለነበር በርሊን የጠፋው ቁጥር ፓሪስ ወይም ለንደን ተገኘ። ሁሉንም አንድ ሰው ወይም አንድ ተቋም ቢይዘው ኖሮ በአንድ ሌሊት ባለቀ ነበር። ያካፈሉት ዕውቀት ቀረ።

ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በተከታታይ ቅጾች ሲጻፉም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅ ቤተ መዘክር የነበሩት እነ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የሺምፐርን ቁጥሮች እያገላበጡ ነው የሠሩት። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ በዚህ ሁኔታ ተመዘገበ።

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኛ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ መረጃው ከማን እንደተገኘ መጻፍ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሳይንሳዊ ስሞች ውስጥ የለቃሚው ስም አለ፣ የሰያሚው ስም አለ። ይሄ ለሆድ ቁርጠት ነው፣ ያኛው መርዝ ነው፣ እዚያ ገደል ሥር ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ ብሎ ያሳየው እረኛ፣ መድኃኒት አዋቂና ባልቴት ስም ግን የለም። እነሱም እኮ የዚያ ማኅበር አባላት ነበሩ፤ መዋጮ ከፍለው መዝገብ ላይ አልሰፈሩም እንጂ።

የእነዚያን ሰዎች ስም ዛሬ ልንመልሰው አንችልም። ሆኖም በስማዳ ቆላ፣ በእስቴ ወይናደጋና በጋይንት ደጋ ቅጠሉን በዓይኑ ብቻ የሚለዩ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። ከእኛ መካከል ወደ አገሩ ገብቶ ይህን ዕውቀት የሚጽፍ ሰው ከተገኘ፣ ከቅጠሉ ስም ጎን የነገረውን ሰው ስም ከነሰፈሩ፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ይጻፍ።