ሄንሪ ሎረንስ ጋንት፤ ዕቅድንና ክንውንን በአንድ መሥመር ያገናኘው መሐንዲስ

በዛሬው ዘመን መንገድ፣ ግድብ ወይም ፋብሪካ ለመሥራት የተነሣ መሐንዲስ ገና የመጀመሪያው ጉድጓድ ሳይቆፈር በኮምፒዩተሩ ላይ የሚዘረጋው አንድ ሠንጠረዥ አለ። በግራ በኩል ሥራዎቹ በየተራቸው ይዘረዘራሉ፤ በራስጌው ቀናት፣ ሳምንታትና ወራት ይሰለፋሉ፤ በእያንዳንዱም ሥራ አንጻር መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያመለክት አግድም መሥመር ይሰመራል። ይህ ሠንጠረዥ በመላው ዓለም የጋንት ቻርት በመባል ይታወቃል። ስሙ የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ሲሆን ባለስሙ ግን እምብዛም አይታወቅም። ጋንት ሠንጠረዡን ስለ ምን እንዳዘጋጀው ሲታወቅ፣ የዛሬው አጠቃቀም ከቀድሞው ዓላማ ምን ያህል እንደ ራቀ አብሮ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሎረንስ ጋንት በ1861 ዓ.ም. በዩናይትድ ስቴትስ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ካልቨርት በተባለው አውራጃ ተወለደ። ቤተሰቡ በባሮች ጉልበት የሚታረስ ሰፊ መሬት ያለው ባለጸጋ ነበር። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በተወለደበት ዓመት የተጀመረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የባርነትን ሥርዓት አስወገደ፤ በዚያ ሥርዓት ላይ የቆመው የቤተሰቡ ሀብትም አብሮ ፈረሰ። ቤተሰቡ እርሻውን ትቶ ወደ ባልቲሞር ከተማ ተዛወረ። ጋንት በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት፣ ሰውን በግዳጅ የማሠራት ዘመን አልፎ በዕውቀት የሚመራ የሥራ ዘመን ሊተካ ይገባል የሚለውን አሳብ ደጋግሞ አንሥቷል። ይህን አሳብ ከአስተዳደጉ ጋር አያይዞ መመልከት ስሕተት አይሆንም።

ብላቴናው የተማረው ለችግረኛ ልጆች በተቋቋመው በማክዶኖ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የቀለም ትምህርትና የእርሻ ሥራ ጎን ለጎን ይካሄዱ ነበርና ጋንት ገና በልጅነቱ የሰዓትንና የሥራን ዋጋ ለመዳ። በ1878 ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1880ም ተመረቀ። ከዚያ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ የተፈጥሮ ሳይንስና የመካኒክስ መምህር ሆነ። በ1884 ከስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲፕሎማውን ተቀበለ፤ በባልቲሞርም ለጥቂት ጊዜ በንድፍ አንሺነት ሠራ። ከመሐንዲስነቱ አስቀድሞ መምህር መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። መምህር ተማሪው ሲወድቅ ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን አስተማማር መመርመር ይገባዋልና፤ ጋንትም በፋብሪካ ውስጥ ይህንኑ ልማድ አልተወም።

ከቴይለር ጋር

በ1887 ጋንት በፊላደልፊያ ከተማ በሚድቬል የብረታ ብረት ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያም የሳይንሳዊ የሥራ አመራር አባት ከሚባለው ከፍሬደሪክ ቴይለር ጋር ተገናኘ። በዚያን ዘመን በአንድ ዎርክሾፕ ውስጥ አንድ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አለቃው ይገምታል፤ ሠራተኛው ግምቱን ይሸሻል፤ በመካከሉ ጭቅጭቅ ይነግሣል። ቴይለር ሥራውን ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን በሰዓት በመለካት ግምቱን በልኬት ለመተካት ተነሣ። ጋንት የቅርብ ረዳቱ ሆነ፤ የብረት መቅረጫውንም ክፍል በኃላፊነት መርቷል። በ1893 ከሚድቬል ቢለቅም፣ በ1899 ሁለቱ እንደገና በቤተልሔም የብረታ ብረት ኩባንያ ተገናኙ። የሒሳብ ሊቅ የነበረው ካርል ባርት የብረት መቁረጫ ማሽኖችን ፍጥነት ለማስላት ያዘጋጀው ልዩ ስላይድ ሩልም የጋንት እጅ ነበረበት።

ሁለቱ ሰዎች በልኬት ቢስማሙም በሰው አያያዝ ላይ ግን መንገዳቸው እየተለያየ ሄደ። በቴይለር የክፍያ ሥርዓት፣ የተወሰነለትን ሥራ ያላደረሰ ሠራተኛ ዝቅ ባለ ተመን ይከፈለው ነበር። ጋንት በ1901 በቤተልሔም ያስገባው ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ሠራተኛው ሥራውን ቢያደርስም ባያደርስም የቀን ደመወዙ የተጠበቀ ሲሆን፣ ካደረሰ ደግሞ ተጨማሪ ማበረታቻ ይሰጠዋል። ፎርማኑም ከሠራተኞቹ መካከል ማበረታቻውን ባገኙት ቁጥር ልክ ይከፈለዋል፤ ሁሉም ካገኙ ጭማሪው ከፍ ይላል። በዚህ ድንጋጌ ምክንያት ፎርማኑ ደካማውን ከማባረር ይልቅ ማስተማር የሚጠቅመው ሆነ፤ ጅራፍ ያዥ የነበረው አለቃ ወደ መምህርነት ተዛወረ። ጋንት ይህንኑ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጥናት አስረዳ።

ሠንጠረዡ የተጸነሰው ከዚህ የክፍያ ሥርዓት ነው። ጋንት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ውሎ በየቀኑ ይመዘግብ ነበር፤ የተወሰነለትን ያደረሰው በጥቁር፣ ያላደረሰው በቀይ ቀለም ይሰመርለታል። ቀዩ ቀለም ሲበዛ ግን ጋንት የሚጠይቀው ሠራተኛውን ብቻ አልነበረም። ዕቃው በጊዜው ደርሶለት ነበርን? መሣሪያው ደኅና ነበርን? የሥራው ትእዛዝ ግልጽ ነበርን? አሠራሩን ያስተማረው ሰው ነበርን? ከእነዚህ ጥያቄዎች የአብዛኞቹ መልስ ያለው በሥራ መሪው እጅ ነው። በ1903 ለዚያው ማኅበር ባቀረበው ሌላ ጥናት፣ በፋብሪካ ውስጥ የሚመረተውን ዕቃ ሂደት በየዕለቱ በሥዕላዊ መዝገብ የመከታተልን ዘዴ አብራራ።

ክርክርና ሒሳብ

ከ1902 ጀምሮ ጋንት በግሉ አማካሪ መሐንዲስ ሆኖ ከባቡር ሞተር ፋብሪካ እስከ ጨርቅ ማንጫ ድርጅት ድረስ በልዩ ልዩ ቦታዎች አገለገለ። ዘመኑ ግን ለሥራ አመራር መሐንዲሶች የሰላም ዘመን አልነበረም። በ1911 በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የቴይለር የሰዓት ልኬት በመግባቱ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ጉዳዩም እስከ አገሪቱ ምክር ቤት ደርሶ ተመረመረ። የሠራተኛ ማኅበራት ልኬቱ ሰውን ወደ ማሽንነት ይለውጣል ሲሉ ተቃወሙ። የጋንትም ሥርዓት በሰዓት ልኬት ላይ የቆመ ነበርና ከወቀሳው ነጻ ሊሆን አልቻለም፤ የቀን ደመወዝን ማስጠበቁ የግጭቱን ስለት ቢያደነዝዝም፣ የሥራውን ልክ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ አልፈታውም።

ጋንት በበኩሉ ልኬቱን ወደ ላይ ማለትም ወደ አስተዳዳሪዎችና ወደ ባለሀብቶች አዞረው። በ1915 በምርትና በወጪ ግንኙነት ላይ ባቀረበው ጥናት፣ ሥራ ፈትቶ የቆመ ማሽን የሚያስከትለው ወጪ በተመረተው ዕቃ ዋጋ ላይ ሊጫን አይገባም ሲል ተከራከረ። አንድ ፋብሪካ ከማሽኖቹ እኩሌታውን ብቻ ቢያንቀሳቅስ፣ የቆመው እኩሌታ ወጪ ዕቃውን ለመሥራት አላስፈለገምና፤ ኪሣራው ለብቻው ተመዝግቦ ምክንያቱና ኃላፊው መታወቅ አለበት። ሥራ ፈትነትን በዕቃ ዋጋ ውስጥ ይሸሽግ ለነበረው የሒሳብ አያያዝ ይህ ከባድ ተግሣጽ ነበር።

ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚነበብ

አሜሪካ በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተካፋይ በሆነች ጊዜ ጋንት አገልግሎቱን ለመንግሥት አቀረበ። በጄኔራል ዊልያም ክሮዚየር ይመራ ለነበረው የጦር መሣሪያ ክፍልና በፊላደልፊያ ለሚገኘው ለፍራንክፎርድ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም መርከቦችን ለማሠራትና ለማሠማራት ለተቋቋሙት መሥሪያ ቤቶች ሠራ። በወቅቱ ቁጥር አልጎደለም። ስንት እንደ ታዘዘና ስንት እንደ ተሠራ የሚገልጹ ዝርዝሮች በየጠረጴዛው ተከምረው ነበር። የጎደለው የተሠራው ነገር በዚያ ቀን ሊሠራ ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

የጋንት ዘዴ ይህን መልስ በአንድ ቀላል አሳብ ሰጠ፤ በሠንጠረዡ ላይ ያለ አንድ ክፍት ቦታ የጊዜ መለኪያም የሥራ መለኪያም ነው። ለምሳሌ 600 ዕቃዎች በ6 ቀን፣ በቀን 100፣ እንዲሠሩ ታዘዘ እንበል። እያንዳንዱ ቀን አንድ ክፍል ይሰጠዋል። ሰኞ 100 ቢሠራ ቀጭኑ መሥመር የሰኞን ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ማክሰኞ 60 ቢሠራ ከክፍሉ ስድስት ዐሥረኛውን፣ ረቡዕ 80 ቢሠራ ስምንት ዐሥረኛውን ይሸፍናል። ከሥር የሚሰመረው ወፍራም መሥመር ደግሞ ድምሩን ያሳያል። ሦስቱ ቀናት በድምሩ 240 ስለሆኑ ወፍራሙ መሥመር ሁለት ክፍል ከአራት ዐሥረኛ ተጉዞ ይቆማል። በራስጌው የዛሬው ቀን ምልክት ከረቡዕ መጨረሻ ላይ ተቀምጧልና፣ ሥራው ከግማሽ ቀን በላይ ወደ ኋላ እንደ ቀረ ሒሳብ ሳይሠራ በዓይን ብቻ ይታያል። ዕቅዱ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት 50፣ ለኋለኞቹ 120 ቢሆንም ክፍሎቹ እኩል ስለሆኑ ንባቡ አይለወጥም።

ከዚህም የሚበልጠው ነገር ባዶው ቦታ ነው። በማሽኖችና በሠራተኞች ሠንጠረዥ ላይ መሥመሩ ያልሸፈነው ባዶ ቦታ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ፊደል ይጻፍበታል። የዕቃ እጥረት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ የኃይል መቋረጥ፣ የሠራተኛ አለመኖር፣ የትእዛዝ ማጣት እያንዳንዱ የራሱ ምልክት ነበረው። እነዚህ ፊደላት በአንድ ወር ውስጥ ተደምረው ሲታዩ፣ ከመዘግየቱ ብዙው እጅ ከሠራተኛው ስንፍና የመጣ ሳይሆን ከአመራሩ ጉድለት የመነጨ ሆኖ ይገኝ ነበር። በዚህም ምክንያት ሠንጠረዡ በሁሉም አስተዳዳሪ ዘንድ የተወደደ መሣሪያ አልሆነም።

ጋንት በእነዚሁ ዓመታት ወደ ሕዝብ ጉዳይም ዘልቆ ነበር። በ1916 ኢንዱስትሪ በገንዘብ ባለቤቶች እጅ ከሚሆን ይልቅ በሚያውቁት ሰዎች እጅ ይመራ የሚል ዓላማ ያለው፣ አዲሱ ማሽን የተባለ ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩ ግን ብዙ አልቆየም። ሦስተኛ መጽሐፉ በታተመበት በ1919፣ ገና በ58 ዓመቱ፣ በኅዳር ወር ሞተ።

ከሞቱ በኋላ

የሥራ ባልደረባው ዋላስ ክላርክ በ1922 ስለ ሠንጠረዡ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ የጋንት ቻርት የሚለውን ስም በዓለም አስፋፋ። ሌላው ባልደረባው ዋልተር ፖላኮቭ በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ዘዴውን ለዕቅድ ኢኮኖሚው ፋብሪካዎች አስተማረ። አንዱ ሠንጠረዥ በካፒታሊስቱም በሶሻሊስቱም ዓለም ተቀባይነት ማግኘቱ፣ የቀን ገደብና የዕቃ መዘግየት የፖለቲካ ወገን የሌላቸው ችግሮች መሆናቸውን ያሳያል። በ1929 በስሙ የተቋቋመው ሜዳልያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ለራሱ ለሟቹ ነበር። ለእውነት ሲባል ግን ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ ከ1896 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥዕላዊ ዘዴ እንደ ነበረው መጥቀስ ይገባል፤ ሥራው በሌላ ቋንቋ በመጻፉና ዘግይቶ በመታወቁ ስሙ እምብዛም አልተነሣም።

የጋንት ሠንጠረዥ አንድ ግልጽ ጉድለት ነበረበት። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው ሊጀመር የማይችል መሆኑን በግልጽ አያሳይም ነበር። ይህን ጉድለት በ1957 የዱፖን ኩባንያ ያወጣው የወሳኝ መንገድ ዘዴ፣ በ1958ም ለፖላሪስ ሚሳይል ፕሮጀክት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያዘጋጀው ፐርት የተባለው ዘዴ አሟሉት። ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ ከእነዚህም መካከል በ1984 የወጣው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት፣ በግል ኮምፒዩተር የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሁለቱን አጣመሩ። ዛሬ አንድ ቀን ሲለወጥ ተከታዮቹ ቀናት ሁሉ በቅጽበት ይስተካከላሉ፤ የመነሻው ዕቅድ ከክንውኑ ጎን ይሰለፋል፤ የዛሬው ቀን መሥመርም በመካከላቸው ይቆማል።

ይህ ቅለት የራሱ አደጋ አለው። ጋንት መሥመሩን በእጅ ሲያሰምር በየምሽቱ ወደ ዎርክሾፑ ገብቶ የተሠራውን የሚቆጥር ሰው ያስፈልግ ነበር። በኮምፒዩተር ግን የመጨረሻውን ቀን ወደ ፊት ገፍቶ መዘግየቱን ማጥፋት፣ ያልተቆጠረን ሥራ ሰማንያ በመቶ ተጠናቅቋል ብሎ መመዝገብ፣ ለጨረታ ወይም ለበላይ አካል ሲባል ያማረ ሠንጠረዥ አትሞ በግድግዳ ላይ ሰቅሎ መርሳት እጅግ ቀላል ሆኗል። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ የጋንት ስም ቢኖረውም የጋንት ሥራ አይደለም። የመነሻውን ዕቅድ ሳይነኩ ማቆየት፣ የተሠራውን በየዕለቱ በእውነት መቁጠር፣ በባዶው ቦታ ላይ ምክንያቱን መጻፍ፣ ምክንያቱም ከበላይ ኃላፊ ዘንድ ቢሆን ሳይፈሩ ማቅረብ ሶፍትዌሩ የማይሠራቸው፣ ለመሐንዲሱ የተተዉ ግዴታዎች ናቸው።