የፋኖሷ እመቤት፦ ናኖ ናግል (1718–1784)

በ18ኛው መቶ ዘመን በአየርላንድ ለኖሩ ካቶሊካውያን ወላጆች ልጅን በገዛ እምነታቸው ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነገር ነበር። ፕሮቴስታንቶች ብቻ ይቀመጡበት የነበረው የደብሊን ምክር ቤት በ1695 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ሕግ፣ ካቶሊካዊ መምህር ትምህርት ቤት እንዳይከፍት፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዳይልኩ ከለከለ። በ1704 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ ቤተሰብ ጓዳ ዘልቆ ገባ፤ አንድ ካቶሊካዊ አባት ሲሞት መሬቱ ለወንዶች ልጆቹ ሁሉ ተሸንሽኖ እንዲከፋፈል፣ የበኩር ልጁ ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከገባ ግን ርስቱን ጠቅልሎ እንዲወርስ አዘዘ። በዚህ ምክንያት የትልቅ ካቶሊካዊ ቤተሰብ ኑሮ ሁሉ በጥንቃቄና በዝምታ ላይ የቆመ ነበር። የናኖ ናግልም ታሪክ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው።

የክርስትና ስሟ ኦኖራ ሲሆን፣ ናኖ ቤተሰቧ ያወጣላት የቁልምጫ ስም ነው። በ1718 በኮርክ አውራጃ፣ በብላክዋተር ወንዝ አጠገብ በሚገኘው ባሊግሪፊን በተባለ ስፍራ ተወለደች። አባቷ ጋሬት ናግል ርስታቸውን ካላጡት ጥቂት ካቶሊካውያን አንዱ ነበሩ። ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ የላኳት በሕግ የተከለከለውን ተላልፈው ነው። ናኖ በፓሪስ ከተማ የተደላደለ ኑሮ ኖረች። አንድ ሌሊት ከጭፈራ አድራ በሠረገላ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው የማለዳ ቅዳሴ የሚጠባበቁ ድሆች አይታ ልቧ እንደ ተነካ ይተረካል።

በ1746 አባቷ ስላረፉ ወደ ደብሊን ተመለሰች። እዚያም ከፓሪስ ያመጣችውን ውድ የሐር ጨርቅ ልብስ ልታሰፋበት ፈልጋ እኅቷን አንን ብትጠይቃት፣ አን ጨርቁን ሸጣ ገንዘቡን ለተቸገሩ ሰዎች መስጠቷን ነገረቻት። ብዙም ሳይቆይ እናቷም አንም ሞቱ። ናኖ በትውልድ መንደሯ የድሆች ልጆች እምነታቸውን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ ሲያድጉ አየችና እጅግ አዘነች፤ ነገር ግን በእርሷ አቅም የሚስተካከል ስላልመሰላት በገዳም ሆና ልትጸልይላቸው ወደ ፈረንሳይ ሄደች። የንስሐ አባቷ ግን ቦታዋ አየርላንድ መሆኑን ገልጠው መለሷት።

በኮርክ ከተማ ከወንድሟ ከዮሴፍና ከባለቤቱ ጋር ተቀመጠች። በ1750ዎቹ ዓመታት ውስጥ ኮቭ ሌን በተባለው የድሆች ሰፈር ቤት ይዛ፣ መምህርት ቀጥራ፣ 30 ያህል ድሆች ልጃገረዶችን ሰበሰበች። ይህን ከንስሐ አባቷ በስተቀር ማንም አላወቀም። የፈራችው ለራሷ አልነበረም፤ ነገሩ ቢሰማ የሚጎዱት የቅርብ ቤተሰቦቿ መሆናቸውን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን አንድ ድሀ ሰው ወደ ዮሴፍ ቀርቦ ልጁን እኅቱ ትምህርት ቤት ታስገባለት ዘንድ እንዲያማልደው ለመነው። ዮሴፍ ሰውየው አእምሮው የተነካ መሰለውና እየሳቀ ገብቶ ለባለቤቱና ለናኖ አወራላቸው። በዚያን ጊዜ ናኖ እውነቱን ገለጠች። ዮሴፍ እጅግ ተቆጣ፤ ሊመጣ የሚችለውንም አደጋ ሁሉ ዘረዘረላት። በዚህ ቁጣው ልንፈርድበት አይገባንም፤ ከባድ ሸክም የነበረበት የቤተሰብ ኃላፊ ነበርና። ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ ልቡ ተመለሰ። በዘጠኝ ወር ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 200 ያህል ደረሰ። በ1757 ያረፉት አጎቷ ካወረሷት ሀብትም ሥራው ሰፋ።

በ1769 አምስት የልጃገረዶችና ሁለት የወንዶች ትምህርት ቤቶች ነበሯት። ወንዶቹ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ሲማሩ፣ ልጃገረዶቹ የእጅ ሥራም ይጨመርላቸው ነበር። ትምህርተ ክርስቶስ ግን ለሌላ ሰው ብቻ አልተወችም፤ ለመጀመሪያ ቁርባን የሚቀርቡትን በዓመት ሁለት ጊዜ ራሷ ታዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ በመናገሯ ደረቷ ተጎድቶ ደም ትተፋ ነበር። እንዳታስተምር እንዳይከለክሏት ሕመሟን ደበቀች። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ወደ ዌስት ኢንዲስ ደሴቶች የሚሄዱ ስለ ነበሩ፣ በዚያ ላሉት ጥቁር ሕፃናት እንዲያስተምሩ በማሰብ ትምህርቱን ተግተው ያጠኑ ነበር። ሲመሽ ደግሞ ናኖ ፋኖስ ይዛ በጠባቦቹ መንገዶች እየዞረች በሽተኞችንና አረጋውያንን ትጎበኝ ነበር። ገንዘቧ ሲያልቅ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ለመነች።

ሥራው ከእርሷ በኋላ እንዳይቋረጥ ስታስብ፣ ከፈረንሳይ የኡርሱላውያን ደናግልን አስመጣች፤ በ1771 ኮርክ ገቡ። ሆኖም ደንባቸው ከቅጥር ግቢያቸው እንዲወጡ አይፈቅድም ነበር። የድሆቹ ጎጆዎች ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ናቸው! ስለዚህ በ1775 በልደት ዋዜማ ከሦስት ባልንጀሮቿ ጋር አዲስ ማኅበር መሠረተች። በ1777 የልደት በዓል ዕለት ለ50 ለማኞች የምሳ ግብዣ አደረጉ። ክልከላው የላላው በ1782 ነው፤ ካቶሊካዊ መምህር በአንግሊካኑ ጳጳስ ፈቃድ ማስተማር ተፈቀደለት። ናኖ ከዚህ በኋላ ብዙ አልኖረችም፤ ሚያዝያ 26 ቀን 1784 በኮርክ አረፈች።

ማኅበሯ በኋላ የእመቤታችን ማርያም ወደ ቤተ መቅደስ መግባት እኅቶች ተባለ። በ1805 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 7ኛ ደንቡን ሲያጸድቁ ግን፣ በዘመኑ ሥርዓት መሠረት እኅቶቹ ከቅጥር እንዳይወጡ ተወሰነ። መሥራቿ የሸሸችው ቅጥር በልጆቿ ላይ ተዘጋ ማለት ነው። ምንም እንኳ በግቢያቸው ውስጥ እልፍ ልጆችን ቢያስተምሩም፣ የእናታቸውን ፋኖስ ይዘው ወደ ጎዳና እንደ ልብ ለመውጣት ከ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) በኋላ ያለውን ጊዜ መጠበቅ ነበረባቸው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2013 ናኖ ናግልን ክብርት ብለው ሰየሟት፤ መቃብሯም እስከ ዛሬ በዚያው በኮርክ፣ የመጀመሪያዎቹን ልጃገረዶች በሰበሰበችበት ሰፈር ይገኛል።