የቢሉንዱ አናጢ ኦሌ ኪርክ

ዴንማርክ በሰሜን አውሮፓ ያለች፥ ባሕር በብዙ ወገን የከበባት ትንሽ የንጉሥ አገር ናት። ከክፍሎችዋ አንዱ ዩትላንድ ይባላል። የዩትላንድ መካከለኛው ምድር በቀድሞ ዘመን አሸዋማ ስለ ነበረ፥ ገበሬዎቹ በብዙ ድካም ጥቂት እህል ያገኙ ነበር። በዚህ አገር፥ ፊልስኮቭ በምትባል መንደር አጠገብ፥ በ1891 ዓ.ም. ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን ተወለደ። ይህም ዓመት ከዚህ በታች የሚመጡትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወላጆቹ ብዙ ልጆች ያሏቸው ድኾች ነበሩ። ስለዚህ ኦሌ ገና ሕፃን ሳለ ከብት ጠባቂ ሆነ። ካደገም በኋላ ከታላቅ ወንድሙ ዘንድ ገብቶ የአናጢነትን ሙያ ተማረ። ከዚያም ወደ ጀርመንና ወደ ኖርዌይ አገር ሄዶ ለሰው እየሠራ ኖረ። በኖርዌይም ክርስቲነ ከምትባል ሴት ጋር ተዋወቀ፤ በ1916 ዓ.ም. አገባት። በዚያው ዓመት ቢሉንድ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ የአናጢ መሥሪያ ቤት ገዛ።

ኦሌ ኪርክ እግዚአብሔርን የሚፈራና ጸሎት የሚወድ ሰው ነበረ። እንጨቱን መርጦ፥ ለክቶ፥ ልጎ ይሠራ ስለ ነበር፥ የአገሩ ገበሬዎች ቤትም በርም መስኮትም ያሠሩት ነበር። በ1924 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ትንንሽ ልጆቹ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲጫወቱ እሳት አነደዱ። እሳቱም የእንጨቱን ፍቅፋቂ ያዘ። ወዲያው መሥሪያ ቤቱም መኖሪያ ቤቱም ተቃጠለ። አባትየው ልጆቹ በሕይወት ስለ ተረፉለት አምላኩን አመሰገነ፤ ከፊተኛውም የሚበልጥ ቤት ሠራ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዓለም ሁሉ ላይ ታላቅ የገንዘብ ችግር ወረደ። የዴንማርክ ገበሬዎች ያመረቱትን በርካሽ ዋጋ ስለ ሸጡ፥ ቤት የሚያሠራ ሰው ጠፋ። ኦሌ ኪርክም ሥራ ስለ አጣ ሠራተኞቹን አሰናበተ። በዚሁ በችግሩ ጊዜ፥ በ1932 ዓ.ም. ሚስቱ ክርስቲነ ሞተች። አራት ወንዶች ልጆችም ያለ እናት በእጁ ቀሩ።

በዚያን ጊዜ ብዙ እንጨት የሚጠይቅ ሥራ ስለሌለ፥ በትንሽ እንጨት የሚሠራ ነገር ፈለገ። መሰላልና የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ሠራ፤ ከእነርሱም ጋር የልጆች መጫወቻ ሠራ። ገንዘብ ባለቀበት ጊዜ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ለብድር ዋስ እንዲሆኑት ለመናቸው። እነርሱም ዋስ ሆኑት፤ ነገር ግን ለሰው ከመጫወቻ የሚሻል ጥቅም ያለው ሥራ እንዲይዝ መከሩት። በእነርሱ ዐይን መጫወቻ መሥራት ለአንድ ጐልማሳ የማይገባ ከንቱ ነገር ነበረ። ኦሌ ኪርክ ግን ሕፃን በሚይዘው ነገር ላይ ማታለል በትልቅ ሰው ቤት ላይ ከማታለል አያንስም ብሎ ያምን ነበርና፥ የመጫወቻ ሥራውን አልተወም።

በ1934 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ ሌጎ የሚል ስም አወጣለት። ይህ ስም ላይ ጎት ከሚሉ ከሁለት የዴንማርክ ቃላት የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም መልካም ጨዋታ ተጫወት ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ዮዮ የተባለ በገመድ የሚሽከረከር መጫወቻ በአገሩ ሁሉ ይፈለግ ነበር። ኦሌ ኪርክም ብዙ ዮዮ ሠራ። ሰው ግን ድንገት ሰለቸውና ሳይሸጥ የቀረው ተከማቸ። እርሱ ያንን አልጣለውም፤ ዮዮውን ለሁለት እየከፈለ ለመጫወቻ የጭነት መኪና ጐማ አደረገው።

ሦስተኛው ልጁ ጎትፍሬድ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ለሽያጭ የተሠሩ የእንጨት ዳክዬዎች ነበሩ። የቤቱ ሥርዓት እያንዳንዱ ዳክዬ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ እንዲቀባ ያዝዛል። ጎትፍሬድ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ቀባና ወደ ባቡር ጣቢያ ላካቸው። ገንዘብ ያዳነ መስሎት ነበርና፥ ደስ ብሎት ለአባቱ ነገረው። ገዢው ልዩነቱን በዐይኑ ሊያየው አይችልም ነበር። ቤቱም በዚያን ጊዜ ብር እጅግ የቸገረው ነበረ። አባትየው ግን ልጁን ወዲያው ወደ ጣቢያው ተመልሶ ሣጥኖቹን እንዲያመጣ፥ ሦስተኛውንም ቅብ እንዲቀባ፥ ሌሊቱን ሁሉ ቢፈጅበትም ያለ ረዳት ብቻውን እንዲፈጽም አዘዘው። ልጁም እንደ ታዘዘ አደረገ። ይህም ነገር በልቡ ታትሞ ቀረ። ከዚያም በኋላ ከሁሉ የተሻለው ሥራ እንኳ አይበዛም የሚለውን የአባቱን ሐሳብ በእንጨት ላይ ቀርጾ በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

በ1940 ዓ.ም. የጀርመን ሠራዊት ዴንማርክን ያዘ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ጊዜ ተቃጠለ፤ የመጫወቻዎቹ ምሳሌና ንድፍም አብሮ ጠፋ። ኦሌ ኪርክ ከኀዘኑ ብዛት ሥራውን ሊተው አሰበ። ነገር ግን በእርሱ የሚተዳደሩትን ሠራተኞች አሰበና እንደ ገና ገንብቶ ሥራውን ጀመረ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፕላስቲክን አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚያስገባ መኪና ገዛ። ዋጋው ብዙ ስለ ነበረ ቤተ ሰዎቹ ፈሩ። በ1949 ዓ.ም. ከዚህ መኪና እርስ በርሳቸው የሚያያዙ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ወጡ። የዚህ ጡብ የመጀመሪያው ሐሳብ የኦሌ ኪርክ አይደለም። ሂላሪ ፊሸር ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ከእርሱ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ጡብ ሠርቶ ነበር፤ የቢሉንድ ሰዎችም የእርሱን ምሳሌ አይተው አሻሻሉት።

እነዚህ የፊተኞቹ ጡቦች በላያቸው ክብ ጉብታ ነበራቸው፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነበረ። ስለዚህ ከፍ ያለ ግንብ ቢሠሩባቸው ቶሎ ይለያያል። ብዙ ተመራምረው በመጨረሻ በጡቡ ሆድ ውስጥ ክብ ቧንቧ አደረጉ። ያን ጊዜ የታችኛው ጡብ ጉብታ በላይኛው ጡብ ቧንቧና ግድግዳ መካከል ገብቶ ጠብቆ ይያዛል፤ ሲፈልጉም በእጅ ይላቀቃል። ለዚህ ሥራ ጎትፍሬድ በጥር 28 ቀን 1958 ዓ.ም. በኮፐንሀገን የባለቤትነት መብት ጠየቀ። ኦሌ ኪርክም ከስድስት ሳምንት በኋላ፥ በመጋቢት 11 ቀን 1958 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ዐረፈ። ጡቡ በዓለም ሁሉ ሲበተን አላየም።

ያ ቧንቧ ከውጭ አይታይም፤ ነገር ግን ግንቡን የሚያቆመው እርሱ ነው። ልኩም እጅግ የተጠነቀቀ ስለ ሆነ፥ በ1958 ዓ.ም. የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። በላያቸው ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 ልዩ ልዩ መንገድ ሊያያዙ እንደሚችሉ በሒሳብ ተቈጥሮአል።

የኦሌ ኪርክ ወንድሞች መጫወቻ ለጐልማሳ የማይረባ ነገር መስሏቸው ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገር የቀኑን ሥራቸውን የፈጸሙ ጐልማሶችና ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ማታ በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው በእነዚህ ጡቦች ቤተ ክርስቲያን፥ ድልድይ፥ መርከብና ባቡር ይሠራሉ። ሚስማርም ሲሚንቶም አያስፈልጋቸውም። አንዳንዶቹ የቀድሞውን ዘመን ጡቦች ከነሣጥናቸው ፈልገው ይሰበስባሉ፤ በቀለምና በቅርጽ ለይተው በመሳቢያ ያስቀምጣሉ። በ2020 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያለውን ጥንታዊውን ኮሎሲየም የሚመስል 9,036 ቍራጭ ያለበት ሥራ ለጐልማሶች ወጣ። እንዲህ ያለውን ለመፈጸም ብዙ ሌሊት ያስፈልጋል። በታችኛው ረድፍ አንድ ጡብ ቢሳሳት የላይኛው ሁሉ ይዛባልና፥ ሠሪው ሳይቈጣ አፍርሶ እንደ ገና መጀመርን ይማራል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኦሌ ኪርክ መንደር በቢሉንድ አንድ ትልቅ ቤት ተከፈተ። በዚያም ጐልማሶች በትዕግሥት የሠሩት ሥራ ለሕዝብ ይታያል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን አናጢ አስቡ። ሁለት ጊዜ ቤቱ ተቃጠለ፤ ሚስቱ ሞተች፤ ሥራውም ተናቀ። እርሱ ግን ሰው የማያየውን ሦስተኛውን ቅብ አላስቀረም። ብዙ ሰው የሚታየውን ያሳምራል፤ የማይታየውን ግን ይተዋል። እናንተ መምህራችሁ የማያየውን የደብተራችሁን ገጽ አጥርታችሁ ጻፉ፤ እናታችሁ ያልደረሰችበትን የቤቱን ማዕዘን ጥረጉ። እግዚአብሔር የተሰወረውን ያያል፤ በእውነትም የተሠራ ትንሽ ሥራ ከሠሪው በኋላ ይኖራል።