ክሪስቶፈር ስትሬቺ፤ ለኮምፒዩተር ቋንቋ ልክ የሰጠ ሰው

በመካነ ሰላም አካባቢም ሆነ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ቅኔ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የእያንዳንዱ የግዕዝ ግሥ እርባታ ለየብቻው አይሸመደድም። መምህሩ ስምንት አርእስት ይሰጣል፤ ቀተለን ያወቀ ደቀ መዝሙር ነገረን በዚያው ቤት አግብቶ ይነግር፣ ይንግር እያለ ራሱ ያረባዋል። በኮምፒዩተር ቋንቋ ዘንድ ይህን የመሰለ መንገድ ከጠረጉት አንዱ እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ነው።

ስትሬቺ በ1916 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ተወለደ። በ1935 ካምብሪጅ ገባ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ዓመት የመንፈስ ሕመም አደከመው፤ የመጨረሻ ውጤቱም ዝቅተኛ ሆነ። በጦርነቱ ዘመን በቴሌፎን ኩባንያ ሠራ፤ ከዚያም የትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በ1951 ገና አስተማሪ ሳለ ኮምፒዩተርን ዳማ የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1952ም በማንቸስተር ኮምፒዩተር ላይ ሠራለት።

በ1960ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ሲፒኤል የተባለ ቋንቋ ነደፈ። ቋንቋው ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ አላለቀም፤ ሆኖም ከእርሱ ቢሲፒኤል፣ ከቢሲፒኤል ቢ፣ ከቢም ሲ ተወለዱ። በ1965 ጂፒኤም የተባለውን መሣሪያ በጽሑፍ አስተዋወቀ። በዚህ መሣሪያ ተጠቃሚው ለአንድ የጽሑፍ ልክ ስም ይሰጠዋል፤ በስሙ ሲጠራውም ክፍት ቦታው በተሰጠው ቃል ተሞልቶ ይወጣል። ልኩ ሌላ አዲስ ልክ ሊደነግግ ስለሚችል፣ ተጠቃሚው ቋንቋውን ራሱ ያሰፋዋል።

በ1967 በኮፐንሃገን ሲያስተምር፣ ፈንክሽን እንደ ቁጥር ሁሉ የሚሰጥና የሚመለስ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ደማሪው ፈንክሽን 3ን ብቻ ቢቀበል፣ የሚመጣለትን ቁጥር ሁሉ በ3 የሚጨምር ሌላ ፈንክሽን ይመልሳል። ዛሬ ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት የሚማር ተማሪ በዚህ አሳብ ይሠራበታል።

ስትሬቺ በኦክስፎርድ የምርምር ክፍል አቋቋመ፤ ከዴና ስኮት ጋርም የቋንቋዎችን ትርጉም በሒሳብ የመግለጫ መንገድ አበጀ። በ1971 ፕሮፌሰር ተባለ። በ1975 በጉበት በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው 58 ነበር። የኮፐንሃገኑ ትምህርት በመጽሔት የታተመው በ2000 ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የፈተና ውጤት ሲለጠፍ አንገታችንን የምንደፋ ብዙዎች ነን። ስትሬቺ በዝቅተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ ትልቁን ቋንቋውንም ሳይጨርስ አለፈ። ነገር ግን እንደ ቅኔ መምህር ልኩን ትቶ ስለ ሄደ፣ ሌሎች እስከ ዛሬ ያረቡታል።