የቍልፍ ሠሪው ልጅ ጌዎርግ ሲሞን ኦም

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው የአበው ምሳሌ በጀርመናዊው ሊቅ በጌዎርግ ሲሞን ኦም ታሪክ ተፈጽሟል። ኦም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1789 ዓ.ም. በኤርላንገን ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚገኘውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ ቍልፍ ሠሪ ሲሆን፣ በራሱ ትጋት ብዙ ዕውቀት ስላገኘ ልጆቹን ሒሳብ ያስተምራቸው ነበር። ኦም በ1805 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ጊዜውን በጭፈራና በጨዋታ ስላሳለፈ አባቱ ተቈጥቶ አስወጣው። እሱም በስዊስ አገር እያስተማረ፣ ለብቻውም ሒሳብ እያጠና ቈይቶ፣ በ1811 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በ1817 ዓ.ም. በኮሎኝ ከተማ ቀድሞ የኢየሱሳውያን በነበረው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በዚያም መልካም የመመርመሪያ መሣሪያ ስላገኘ፣ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ በምን ልክ እንደሚያልፍ ይመረምር ጀመር። የባትሪው ኃይል አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለ ቢያስቸግረው፣ ፖገንዶርፍ በተባለ ሊቅ ምክር ቢስሙትንና መዳብን አጋጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሁለተኛውን በበረዶ ውስጥ አኖረ። የሙቀቱ ልዩነት ስለማይለዋወጥ የኤሌክትሪኩም ግፊት ጸና፤ ስለዚህ ርዝመታቸው ልዩ ልዩ የሆኑትን ሽቦዎች እያፈራረቀ ሊለካ ቻለ።

ያገኘውም ሕግ ይህ ነው፤ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በግፊቱ ልክ ይጨምራል፣ በሽቦውም ተቃውሞ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ግፊቱ በቮልት፣ የሚያልፈው በአምፔር ተለክቶ ቮልቱ ለአምፔሩ ቢካፈል ተቃውሞው ይታወቃል። ለምሳሌ በ220 ቮልት 5 አምፔር የሚወስድ ምድጃ ተቃውሞው 44 ኦም ነው። ሁለቱ ቢባዙ ደግሞ የሚፈጀው ኃይል 1,100 ዋት መሆኑ ይገኛል፤ ለዚህ ለኃይሉ ሒሳብ ግን ታላቅ መሠረት የጣለ፣ በ1841 ዓ.ም. በሽቦ ውስጥ የሚነሣውን ሙቀት ለክቶ የገለጸው እንግሊዛዊው ጁል ነው። ይህን ሒሳብ ቸል ብሎ ብዙ ምድጃ በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀጥል ሰው፣ ሽቦው ግሎ ቤቱን ሊያቃጥልበት ይችላል።

ኦም ሥራውን በ1827 ዓ.ም. በበርሊን በመጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን በአገሩ ከሚገኙት ሊቃውንት ብዙዎቹ ቸል አሉት፤ ይመኘው የነበረውንም የዩኒቨርሲቲ ወንበር አላገኘም። በ1828 ዓ.ም. የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ፤ እስከ 1833 ዓ.ም. ድረስም፣ በኑረምበርግ መምህር እስኪሆን፣ የረባ ሹመት ሳያገኝ ኖረ። ዋጋውን አስቀድሞ ያወቀለት የባዕድ አገር ነበር፤ ይኸውም በ1841 ዓ.ም. የሎንዶኑ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የሚባለውን ሜዳልያ ሸለመው። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስን ወንበር ያገኘው በ1852 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1854 ዓ.ም. ሞተ። በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡት የኤሌክትሪክ ሊቃውንት የተቃውሞው መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰኑ።

ኦም ሕጉን ባገኘ ጊዜ 37 ዓመቱ ነበረ፤ ወንበሩን ሲያገኝ ግን 63 ዓመት ሆኖት ነበር። ሕጉ በነዚህ ዓመታት ሁሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዎች አስተያየት ነው። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ የሠራተኛውን ሥራ ከማዕርጉ አስቀድሞ ቢመረምር፣ የሚገባው ዋጋ ለባለቤቱ በሕይወቱ ሳለ ይደርሰዋል፤ አገርም ከዕውቀቱ ሳትዘገይ ትጠቀማለች።